ቀድሞ የጨረሰ ተማሪና የተከፈተ ኮምፒውተር፦ ከጎንደር የኮምፒውተር ክፍል የተገኘ ተሞክሮ

በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ነኝ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ኮምፒውተር ወይም ታብሌት በገባባቸው ክፍሎች የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ዘወትር ለሚያነሡት አንድ ጥያቄ ከሥራዬ ያገኘሁትን ለማካፈል ነው፤ ጥያቄውም የተሰጠውን ሥራ ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚጨርስ ተማሪ በተረፈው ጊዜ ምን ይሥራ የሚል ነው። በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ በሚሠራበት ክፍልም ቀድሞ የሚጨርስ ተማሪ አለ። ነገር ግን እዚያ ደብተሩን የከደነ ልጅ ቢበዛ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል፣ ወይም በመስኮት ያያል። ኮምፒውተር ፊት ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ግን የማሽኑን ቋንቋ ይቀይራል፣ ሌላ ክፍል ያስቀመጠውን ፋይል ይሰርዛል፣ በኪሱ ካመጣው ፍላሽ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ከሙዚቃውም ጋር ቫይረስ ያስገባል፤ የዚህን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ እርሱ ሳይሆን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለውን ፕላዝማ የሚያስታውስ ሰው ቴክኖሎጂ ለዚህ ችግር ሁለት የተለያዩ መልኮች እንደሰጠው ያስተውላል። በፕላዝማ ጊዜ ፍጥነቱን የሚወስነው በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ነበር፤ መልመጃ ይሰጣል፣ ጥቂት ጊዜ ይጠብቃል፣ የጨረሰም ያልጨረሰም ተማሪ ሳይለይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ጎልቶ የሚታየው ወደ ኋላ የቀረው ተማሪ ነበር። ኮምፒውተሩ በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፍጥነት ስለሚሰጥ በተማሪዎች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት አውጥቶ ያሳያል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ካሮል እ.ኤ.አ. በ1963 የመማር ችሎታ ልዩነትን በአመዛኙ የጊዜ ልዩነት አድርጎ ማየት እንደሚቻል ጽፎ ነበር፤ አንዱ በአጭር ጊዜ የሚረዳውን ሌላው ረዘም ባለ ጊዜ ይረዳዋል ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንኑ ሐሳብ ይዞ፣ ያልገባው ተማሪ ማስተካከያ ትምህርት ሲሰጠው የገባው ደግሞ ማበልጸጊያ ሥራ ሊሰጠው እንደሚገባ አስተማረ። የእኛ ሀገር የማሠልጠኛ ኮርሶች ስለ ማስተካከያው ብዙ ይናገራሉ፤ ማበልጸጊያውን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል።

ማበልጸጊያ ከመስጠቴ በፊት ግን ሁልጊዜ የማጣራው ነገር አለ፤ ተማሪው በእውነት ጨርሷል ወይ? በእኛ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ለሁለት፣ አንዳንዴም ለሦስት ተማሪ ነው የሚደርሰው። «ቲቸር፣ ጨርሰናል!» የሚል ድምፅ ስሰማና ወደ ማሽኑ ስጠጋ፣ ብዙውን ጊዜ የማገኘው አንዱ ማውሱን ይዞ ሲሠራ ሌላው ያየ መሆኑን ነው። ማውሱን የሚይዘው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ወይም ከትምህርት በኋላ በከተማው ኮምፒውተር ቤቶች የሚውለው ልጅ ነው። ወንድና ሴት አብረው ከተቀመጡ ደግሞ በአብዛኛው ወንዱ ይይዛል፤ ይህን በዐይኔ ደጋግሜ ያየሁት ስለሆነ ያለ ይሉኝታ እጽፈዋለሁ። ስለዚህ «ጨርሰናል» የሚለው ቃል ከሁለቱ የአንዱን ብቻ ሁኔታ ይገልጻል ማለት ነው። ለዚህ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉ ሳይዘጋ ተማሪዎቹ ወንበር ይቀያየራሉ፣ ያየው ልጅ ባዶ ገጽ ከፍቶ ከመጀመሪያው ይሠራል፣ ቀድሞ የሠራው ደግሞ ማውሱንም ኪቦርዱንም ሳይነካ ይጠብቃል። በዚህ ደንብ ብቻ በየክፍለ ጊዜው ቀድመው ይጨርሱ ከነበሩት ጥንዶች ብዙዎቹ ከሌሎች ጋር እኩል መጨረስ ጀምረዋል።

ሁለተኛው ማጣሪያ የሥራውን ውስጥ መመርመር ነው። ለምሳሌ በኤክሴል የገበያ ዝርዝር አሠርቻቸው ነበር፤ ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ መጠንና ዋጋ፣ ከታች ጠቅላላ ድምር። ጨረስኩ ያለችኝን ተማሪ ሠንጠረዥ ሳይ ሁሉም ቁጥር ትክክል ነው። ዝም ብዬ የጤፉን ዋጋ ቀየርኩት፤ ድምሩ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። በስልኳ ደምራ ውጤቱን በእጇ ጽፋው ኖሯል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የሒሳቡን መልስ ፈልጋ ነው፣ መልሱንም አግኝታለች። ሥራው የተሰጣት ግን ዋጋ ሲቀየር ራሱን የሚያስተካክል ሠንጠረዥ እንድትሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨረስኩ ያለኝን ሁሉ አንድ ቁጥር በመቀየር እፈትነዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ይህንን ስላወቁ እኔን ከመጥራታቸው በፊት ራሳቸው እየቀየሩ ማየት ጀምረዋል። በቃላት ማቀናበሪያው ትምህርት ላይም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ በጽሑፉ መካከል አንድ አንቀጽ አስገባና ርእሶቹና የገጽ ቁጥሮቹ ይበታተኑ እንደሆነ አያለሁ። ቦታቸው በስፔስ ቁልፍ የተስተካከለ ከሆነ ይበታተናሉ።

ከእነዚህ ማጣሪያዎች በኋላ በእውነት የጨረሱት ጥቂቶች ይቀራሉ፤ ጽሑፌም በዋናነት የሚመለከተው እነርሱን ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚሰጡ ሁለት የተለመዱ መፍትሔዎች አሉ፤ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንደኛው ተጨማሪ ተመሳሳይ መልመጃ መስጠት ነው፤ አሥር ጥያቄ በፍጥነት የሠራ ልጅ ሽልማቱ ሌላ አሥር ጥያቄ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ ብሎ መሥራትን ይማራል፣ እንዲህ ማድረጉም ብልህነት ነው። ሌላው ደግሞ ጌም መፍቀድ ነው። ጌም ሲፈቀድ ሳይጠናቀቅ የሚጣደፈው ሥራ ይበዛል፣ ያልጨረሱት ልጆችም ዐይናቸው ወደ ጎረቤት ስክሪን ይሄዳል፤ በአንድ ማሽን የተጀመረው ጨዋታ የሙሉውን ረድፍ ትኩረት ይወስዳል።

እኔ የምመርጠው በአንድ ክፍለ ጊዜ የማያልቅ፣ ተማሪው ያለ እኔ እርዳታ ካቆመበት የሚቀጥለው፣ ከስክሪኑም በላይ የሚያሳስበው አንድ ቋሚ ሥራ ነው። ከሞከርኳቸው ሁሉ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዘመንን፣ በዓላትንና አጽዋማትን የምታሰላበትን ባሕረ ሐሳብን የመሰለ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ።

ኤክሴል የፈረንጁን ቀን ያውቃል፣ የእኛን ግን በራሱ አያሰላም። ተማሪው በአንድ ሴል ዓመተ ምሕረቱን ሲጽፍ የዘመኑን ወንጌላዊና መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት የሚያወጣ ሠንጠረዥ እንዲሠራ አዘዋለሁ። ስሌቱ የሚጀምረው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 በመደመርና ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ በማግኘት ነው፤ ለ2018 ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879 ሲሆን መጠነ ራብዒት ይባላል፣ ቀሪው ደግሞ 2 ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ የማቴዎስ፣ 2 ከሆነ የማርቆስ፣ 3 ከሆነ የሉቃስ፣ ምንም ቀሪ ከሌለው የዮሐንስ ነው፤ ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ዓመተ ዓለሙና መጠነ ራብዒቱ ተደምረው 9397 ይሆናሉ፣ ይህም ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ቀሪው 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ስለሚሄድ የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። በኤክሴል ለዚህ የሚያስፈልጉት ቀሪን የሚያወጣው ሞድ፣ ድርሻን ያለ ክፍልፋይ የሚሰጠው ኢንት እና አማራጭን የሚለየው ኢፍ የተባሉት ፎርሙላዎች ብቻ ናቸው። በሠንጠረዥ ላይ ፎርሙላ መጻፍ በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ያለ ስለሆነ ተማሪው ከሥርዓተ ትምህርቱ አልወጣም፤ ልዩነቱ የፎርሙላው መልስ ትክክል መሆኑን ከግድግዳ ካላንደር ላይ ራሱ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። መምህሩን ጠርቶ «ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፣ ይህም በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከዚህ የዘለለ ልጅ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ለማውጣት ወደሚያገለግሉት ቁጥሮች፣ ወደ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ይገባል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው ደግሞ መጥቅዕ ነው። ለ2018 ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው፤ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምርም 30 መሆን ስላለበት ሠንጠረዡ ስሕተቱን ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ የሚያስደስተኝ ነገር ቀጥታ የተጻፈው ፎርሙላ ለብዙ ዓመታት በትክክል ሲሠራ ቆይቶ በአንዳንድ ዓመት መሳሳቱ ነው። 2005 ዓ.ም. ብንወስድ ዓመተ ዓለሙ 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ከዜሮ 1 ሲቀነስም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኤክሴል ምንም የስሕተት ምልክት ሳያሳይ አበቅቴውን 19፣ መጥቅዑን 11 ይላል፤ ድምሩም 30 ስለሚሆን ማረጋገጫው እንኳ ያልፈዋል። ነገር ግን በሥርዓቱ መሠረት ወንበሩ 18 መሆን ስላለበት አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ነው። በ2006 ደግሞ ወንበሩ ዜሮ ይሆንና መጥቅዑ ዜሮ ይወጣል፤ ይህም 30 ተብሎ መነበብ አለበት። ተማሪዬ ይህንን ሲያገኝ የተሳሳተው እርሱ ይሁን ማሽኑ መለየት ያቅተዋል፣ ምክንያቱን ለማወቅም በሰፈሩ ያሉ መሪጌታን ወይም የኔታን ይጠይቃል። አንዱ ተማሪ ፎርሙላውን በወረቀት ጽፎ ለየኔታው ወስዶ ሲመለስ ከእኔ ይልቅ በደንብ ተረድቶ ነው የመጣው። በጎንደር እንዲህ ያለ ጠያቂና ተጠያቂ አይጠፋም፤ በሌላ ከተማ የሚያስተምር ባልደረባዬ ለአካባቢው የሚስማማውን ይፈልግ።

ሙስሊም ተማሪዎቼ የዘመን መለወጫውን ክፍል ከሁሉም ጋር ይሠራሉ፤ ወደ አጽዋማቱ ስሌት ከመግባት ይልቅ ግን በ30 ዓመት ውስጥ 11 ዓመታት 355 ቀን የሚሆኑበትን፣ ቀሪዎቹም 354 ቀን የሆኑበትን የሒጅራ ሠንጠረዣዊ አቆጣጠር እንዲሠሩ አማራጭ እሰጣቸዋለሁ። ሠንጠረዡ የሚያወጣው ቀን ከጨረቃ መታየት ጋር በአንድ ቀን ሊለያይ እንደሚችል ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ። አማራጩን የወሰደ የኦርቶዶክስ ተማሪም አለኝ፤ የመረጠው የጓደኛው ሠንጠረዥ ከእርሱ የበለጠ የሚከብድ ሆኖ ስላገኘው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ስክራች የተባለው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው የፕሮግራም መማሪያ ያለ ኢንተርኔት የሚጫንና የአማርኛ ገጽታ ያለው ስለሆነ ለዘጠነኛ ክፍል ይስማማል፤ ጌም ከመጫወት ይልቅ ጌም መሥራት ሲፈቀድላቸው ማጉረምረሙ ይቆማል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፌት የሳይንስ ማሳያዎችም አስቀድመው ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ፤ የፊዚክስ መምህሩ የኤሌክትሪክ ዑደት ሲያስተምር ተማሪዎቹ በእኔ ክፍል እንዲሞክሩት ተስማምተናል። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ በሆነው በኪዊክስ አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ኢንተርኔት መኖሩን መሠረት አድርጎ የታቀደ ተጨማሪ ሥራ ግን በእኛ ሁኔታ አያዛልቅም፤ ቀድሞ የጨረሰውን ልጅ የሚከፈት ገጽ ሲጠብቅ ማዋል ሥራ መስጠት አይባልም።

ጓደኛን ማስረዳት ብዙዎች የሚመክሩት ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ፣ ነገር ግን በወሰን። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል፤ ይህ ሥርዓት በዚህ ከተማ ለብዙ ትውልድ የሠራ ነው፣ የሠራበትም ምክንያት አስቆጣሪው በልጁ ፋንታ ስለማያነብለት ይመስለኛል። በኮምፒውተር ክፍል ግን ረዳት የተባለው ልጅ ማውሱን ነጥቆ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ይኸው» ይላል፤ ተረጂው ምን እንደተደረገ አያውቅም። ስለዚህ ረዳት የሚሆን ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንዲቆምና በአፉ ብቻ እንዲረዳ አደርጋለሁ። «ከላይ በስተግራ ምን ተጽፏል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፣ መንካት ግን አይችልም። እጅ ሲታሰር አንደበት ይፈታል፤ የፎርሙላን ምንነት በቃል ማስረዳት ደግሞ ጎበዙንም ያስቸግረዋል። ይህን ሥራ በየሳምንቱ ለአንድ ልጅ ብቻ አልሰጥም፣ ፈቃደኛ ያልሆነውንም አላስገድድም። ረዳትነት ቋሚ ቅጣት የሚመስላቸው ጎበዝ ልጆች አሉ፤ እነርሱም የመማር ድርሻቸው እንዲጠበቅላቸው መጠየቃቸው ትክክል ነው።

አንዳንድ የአሠራር ጉዳዮችንም ላንሣ። ለእያንዳንዱ ተማሪ በሰርቨሩ ላይ በስሙ አንድ ፎልደር ከፍቼለታለሁ፤ በፎልደሩ ውስጥ «ቋሚ ሥራ» የሚል ፋይል አለ፣ ተማሪው ዕለታዊ ሥራው ሲረጋገጥለት ያለ ፈቃድ ይከፍተዋል። ሰርቨር በሌለበት ትምህርት ቤት በእያንዳንዱ ማሽን ላይ በክፍልና በተራ ቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ተማሪው ሁልጊዜ አንድ ማሽን ላይ እስከተቀመጠ ድረስ ይሠራል። ከፋይሉ ጎን አንድ የወረቀት ደብተር አለው፤ እዚያ ላይ የደረሰበትን፣ የከበደውንና በሚቀጥለው የሚሞክረውን በአንድ ሁለት መስመር ይጽፋል። ደብተሩ የተጀመረው በመብራት መጥፋት ምክንያት ነው፤ መብራት ሲሄድ ቀድሞ የጨረሰው ልጅ የባሕረ ሐሳብ ስሌቱን በእስክሪብቶ ይቀጥላል፣ መብራቱ ሲመለስም ወደ ማሽኑ ያስገባዋል። የክፍለ ጊዜያችን 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ላይ ገብቶ መቀመጡና ማሽን መክፈቱ፣ በመጨረሻም አስቀምጦ መዝጋቱ የሚወስደው ጊዜ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ተማሪው ምን እንደሚሠራ ሲጠይቅ የሚያጠፋው ደቂቃ ሁሉ ይቆጠራል።

የተማሪዎቹን ስክሪን ከመምህሩ ማሽን ላይ ለማየትና ለመቆለፍ የሚያስችል ቬዮን የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ማየቱ ይጠቅማል፣ በተለይ ከኋላ ረድፍ ያሉትን። መቆለፉን ግን ማስታወቂያ ስናገር ካልሆነ በቀር አልጠቀምበትም፤ ሥራ የጨረሰ ልጅ ጥቁር ስክሪን ፊት ቢቀመጥ ጠቡ ከመምህሩ ጋር ይሆናል።

ነጥብን በተመለከተ ብዙ ባልደረቦቼ አይስማሙም፤ እኔ ለቋሚው ሥራ ማርክ አልሰጥም። ማርክ ከተሰጠው ቀድሞ የመጨረስ ዕድል የሌለው ተማሪ በፍጥነቱ ምክንያት ይቀጣል፣ ኮምፒውተር ቤት ለመሄድ ገንዘብ ያለውም ይጠቀማል። በማርክ ፋንታ ወር ሲሞላ ከክፍለ ጊዜው ላይ ጥቂት ደቂቃ ወስጄ አንዱ ተማሪ ሥራውን በፕሮጀክተር እንዲያሳይና ጓደኞቹ የፈለጉትን ዓመተ ምሕረት እየጠሩ እንዲፈትኑት አደርጋለሁ። የወላጆቻቸውን የልደት ዓመት ይጠራሉ፣ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረገበትን ዘመን ይጠራሉ፤ ሠንጠረዡም ዕለቱንና ወንጌላዊውን ያወጣል። አንዴ 2005 የተጠራበት ተማሪ ሠንጠረዡ የተሳሳተ አበቅቴ ሲሰጥ ሁሉም ሳቁ፣ እርሱ ግን ምክንያቱን ለማግኘት ሳምንቱን ሙሉ ጠብቆ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ዕለታዊ ሥራውን ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ።

በመጨረሻ በየክፍለ ጊዜው ማን ቀድሞ እንደጨረሰ በስም መጥሪያው ጠርዝ ላይ በትንሽ ምልክት እመዘግባለሁ። መዝገቡን ሳገላብጠው ቀድመው የሚጨርሱት ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች እንዳልሆኑ አያለሁ፤ በጽሑፍ ትየባ ፈጣን የሆነው በሠንጠረዥ ይዘገያል፣ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ደግሞ በስክራች ሁሉንም ትቀድማለች። ከክፍሉ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በግማሹ ጊዜ ከጨረሰ ግን ችግሩ የተማሪዎቹ ሳይሆን የሥራው ማነስ ስለሆነ፣ ለቀጣዩ ክፍል ሳስተምር መልመጃውን አከብደዋለሁ ወይም ሁለት ደረጃ አድርጌ እከፍለዋለሁ። ይህንን መመዝገብ የጀመረ መምህር የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ የትኛው ምዕራፍ ተጨማሪ ሥራ እንደሚፈልግና የትኛው እንደማይፈልግ ከራሱ ስም መጥሪያ ላይ ያነበዋል፤ እኔም የባሕረ ሐሳቡን ሥራ ከኤክሴል ምዕራፍ ሦስተኛ ሳምንት ጀምሬ እንጂ ከዚያ በፊት የማልሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።